የዕድሜ ልክ መድኃኒት በወንድና በሴት ዘንድ

ወባ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ሦስት ቀን ውጦ ትኩሳቱ ሲለቀው የሐኪሙን ቤት ይረሳዋል። የዕድሜ ልክ መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ከሰው ጋራ አብሮ ይኖራል፤ ከመኝታው ራስጌ ይቀመጣል፥ ለመንገድ ሲነሣ ከስንቁ ጋራ ይያዛል፥ በጾሙና በፍስኩ፥ በሠርጉና በኀዘኑ፥ በእርሻውና በገበያው ሁሉ ሰዓቱን ጠብቆ ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሕክምና በጎ ሠራ ወይም አልሠራም ብሎ ለመፍረድ የመድኃኒቱን ኀይል ብቻ መመርመር አይበቃም፤ የሚውጠውን ሰው ኑሮ ጭምር መመርመር ያስፈልጋል። የወንድና የሴት ኑሮ ደግሞ በአገራችን አንድ አይደለም፤ ገላቸውም በአንዳንድ ነገር አንድ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዐምድ ለመናገር ያሰብነው ይኸው ነው፤ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን የሚሰጠው መድኃኒት ለወንድም ለሴትም አንድ ሲሆን፥ ዓመታት ባለፉ ቍጥር ውጤቱ በሁለቱ ዘንድ የሚለያየው ስለ ምን እንደ ሆነ፥ ሹሞቻችንና ካህናቶቻችንም በዚህ ረገድ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ነው።

በኢትዮጵያ የኤድስ ሕሙማን መጀመሪያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የበሽታው ስም ከሞት ስም ጋራ አንድ ሆኖ ይነገር እንደ ነበረ ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በየሰፈሩ ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ በሌላው ደጅ ሲተከል፥ የዕድሩም ሣጥን ሲራቈት ያየነው ነገር ነውና። መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ የሚያገኘው ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ነበር። በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ግን ያለ ዋጋ ይታደል ጀመር። በዚያን ጊዜ በዘመድ ክንድ ተደግፈው ወደ ሐኪም ቤት ከገቡት መካከል ዛሬ የልጅ ልጅ ያቀፉ አሉ፤ መድኃኒቱን ከጀመሩም ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እንግዲህ ቀድሞ «መድኃኒቱ ለማን ይድረስ?» ይባል የነበረው ጥያቄ አሁን «ከመድኃኒቱ ጋራ ሠላሳና አርባ ዓመት እንዴት ይኖራል?» ወደሚል ተለውጧል። ወንድና ሴት የሚለያዩትም ይልቁን በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ከመቶ 1.2፥ ከወንዶቹ ከመቶ 0.6 ሆኖ ተቈጥሯል። በሽታው በሴቶች ላይ እጥፍ ሆኖ ሳለ፥ ብዙ ሰው ሴቶቹ በሕክምናውም ወደ ኋላ የቀሩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መሥሪያ ቤት በፈረንጆች አቈጣጠር ለ2023 ባወጣው የዓለም ቍጥር፥ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂ ሴቶች መካከል 83 ከመቶ መድኃኒቱን ሲያገኙ፥ ከወንዶቹ ያገኙት 72 ከመቶ ብቻ ናቸው። ይህ የሆነው ሴት ከወንድ ይልቅ ለጤናዋ ስለምትተጋ ብቻ አይደለም፤ ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትገባበት በር ስላላት ነው። በሩም እርግዝናዋ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ለምርመራ ስትመጣ ደሟ ይታያል፤ ቫይረሱ ቢገኝባት ልጇን ለማዳን መድኃኒት ይሰጣታል። ማላዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 የጀመረችውን ሥርዐት ተከትላ አገራችንም በ2005 ዓ.ም. ነፍሰ ጡር እናት መድኃኒቱን አንድ ጊዜ ከጀመረች ዕድሜዋን በሙሉ እንድትቀጥል ወሰነች። ወንድ ግን አያረግዝም፤ ልጅም አዝሎ ለክትባት አይሄድም። ጤናማ መስሎ እስከ ታየ ድረስ በሐኪም ቤት ደጅ የሚያስቆመው ነገር የለም።

ስለዚህ ወንዱ ዘግይቶ ይመጣል። አንዳንዱ ሚስቱ ተመርምራ ነጻ ከሆነች እርሱም ነጻ የሆነ ይመስለዋል፤ የእርሷን ወረቀት እንደ ራሱ ወረቀት ይቈጥረዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ባልና ሚስት በአንድ አልጋ እያደሩ አንዱ ሕመምተኛ፥ ሁለተኛው ጤነኛ ሆኖ ብዙ ዓመት መቈየቱ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነውና። ሌላው የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ዛሬ ጅቡቲ፥ በሳምንቱ ሞያሌ ነው፤ ቀጠሮው ከመንገዱ ጋራ አይገጥምም። ሌላው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሲከፈት እርሱ ከሥራ ላይ ነው፥ እርሱ ከሥራ ሲወጣ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል፤ አንድ ቀን ከቀረ ደግሞ የዚያን ቀን እንጀራ ያጣል። ሌላውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ሰው እንዳያየው ያፍራል። ማለዳ በጤና ጣቢያ ደጅ ቆሞ የሚመለከት ሰው አግዳሚው ሁሉ በእናቶች ተሞልቶ አንድ ሁለት ወንዶች ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ከግድግዳው ጥግ ተጠግተው ቢያይ አይደንቀውም። ወንድ ልጅ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ይችል ዘንድ ከሕፃንነቱ የተማረ ነው፤ ይህም ትምህርት በጦር ሜዳ ቢጠቅመው በዚህ በሽታ ግን ይገድለዋል።

ይገድለዋል ማለታችን ለማስፈራራት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ መድኃኒት የጀመሩ ከ46,000 የሚበልጡ ሕሙማንን የተከታተለና በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት፥ ወንዶቹ ሲመጡ ደማቸው ከሴቶቹ ይልቅ ተዳክሞ እንደ ነበረ፥ ይህም ልዩነት ተሰልቶ ከተነሣ በኋላ እንኳ የወንዶቹ ሞት ከሴቶቹ ሞት ወደ ሲሶ በሚጠጋ መጠን በልጦ እንደ ተገኘ ገልጿል። ነገር ግን ጥናቱ አንድ ሌላ ነገር አሳይቷል፥ እኛም ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልነው እርሱን ነው። ቫይረሱ በሌለባቸውም የአገሪቱ ሰዎች ዘንድ ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ቀድመው ይሞታሉ። እንግዲህ የወንዱን ሞት ሁሉ መድኃኒቱን ችላ በማለቱ ብቻ ማሳበብ ከእውነት የራቀ ፍርድ ነው፤ መጠጡ፥ ትንባሆው፥ የሳንባ ነቀርሳው፥ የሥራው አደጋ፥ በማናቸውም ሕመም ዘግይቶ መታከሙ አብረው ይቈጠራሉ። በየስብሰባው ወንዶችን መገሠጽ ልማድ ሆኗል፤ ተግሣጹ ግን ማንንም ወደ ሐኪም ቤት ሲያመጣ አላየንም።

ወደ ሴቶቹ እንመለስ። በሩ ተከፍቶላቸዋል ማለት በቤቱ ውስጥ ይኖራሉ ማለት አይደለም። ብዙ እናት ወደ ሕክምናው የገባችው ለልጇ ብላ ነው፤ ሕፃኑ ተመርምሮ ነጻ በተባለ ጊዜ ሥራዋ የተፈጸመ ይመስላታል፥ ስለ ራሷ ነፍስ የነገራት የለምና። ስለዚህም ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራት እናቶች ከመዝገብ የሚጠፉባቸው ወራት ሆነዋል። አራስ ናት፤ አቅሟ ደክሟል፥ ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ በባሏ እጅ ነው፥ ወዴት እንደምትሄድም ትጠየቃለች። ለባሏ ያልነገረች እንደ ሆነ ደግሞ ችግሯ እጥፍ ነው፤ ብትነግረው ትመታ፥ ወይም ከነልጇ ትባረር ይሆናል፤ «በሽታውን አንቺ አመጣሽው» ትባላለች፥ ቀድማ የተመረመረች እርሷ ስለ ሆነች ብቻ። ስለዚህ ኪኒኑን ከብልቃጡ አውጥታ በጨርቅ ቋጥራ በእህል ማስቀመጫ ውስጥ ትሸሽገዋለች፤ እንግዳ በመጣ ቀን፥ ባል ከቤት በዋለ ቀን ሳትውጠው ትውላለች። በሐኪሙ መዝገብ ላይ ይህች ሴት «መድኃኒት በመውሰድ ላይ» ተብላ ተጽፋለች።

የኑሮው ልዩነት ይህን ያህል ከሆነ የገላውስ? ስለዚህ ነገር ሳይንስ በቂ ትኩረት ሳይሰጠው ቈይቷል። በበሽታው የመጀመሪያ ዓመታት በሴት ደም ውስጥ የሚቈጠረው የቫይረስ መጠን ከወንዱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ሆኖም በሽታው ሴቲቱን ከወንዱ በዘገየ ፍጥነት አይጎዳትም። ቀድሞ ሕክምና የሚጀመርበት ጊዜ በቍጥር ይወሰን በነበረበት ዘመን ትንሹን ቍጥር ብቻ የተመለከተ ሐኪም ሴቲቱን «ገና ነሽ» ብሎ ሊመልሳት ይችል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው ይጀምር ብሎ ከወሰነ ወዲህ ይህ ችግር ቀርቷል። ኔቪራፒን የሚባለው መድኃኒትም እንዲሁ ነበር፤ ሲዲ ፎር የሚባለው የደም ወታደር በሴት ከ250፥ በወንድ ከ400 በላይ በሆነ ጊዜ መድኃኒቱ ቢጀመር ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል በመታወቁ፥ ለወንድና ለሴት ልዩ ልዩ ወሰን ተደረገለት። መድኃኒት አንድ ሆኖ ሳለ ወሰኑ ሁለት እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የዶሉቴግራቪር ታሪክ ነው፥ ጥቂት ብንዘገይበት አንባቢ አይቀየመንም። ይህ መድኃኒት ዛሬ በአገራችንም በዓለምም የመጀመሪያ ተመራጭ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል፥ ቫይረሱንም ፈጥኖ ያዳክመዋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በግንቦት 2018 በቦትስዋና የሚደረግ አንድ ጥናት አስደንጋጭ ወሬ አሰማ፤ ሲያረግዙ ይህን መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩ 426 ሴቶች ከተወለዱት መካከል አራቱ በአንጎልና በአከርካሪ ጉድለት ተወለዱ። በሌሎቹ መድኃኒቶች ግን ይህ ጉድለት ከሺሕ አንድ ያህል ነበር። ወሬው እንደ ተሰማ በብዙ አገሮች አዲሱ መድኃኒት ለወንዶች ተፈቀደ፤ ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች ግን ተከለከለ ወይም በብዙ ግዴታ ታሰረ፥ እነርሱም ራስ በሚያዞረውና ሕልምን በሚያስጨንቀው በቀድሞው በኤፋቪሬንዝ እንዲቈዩ ተደረገ። ጥናቱ ሲቀጥልና የተወለዱት ሕፃናት ቍጥር ሲበዛ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋራ እኩል ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም በሐምሌ 2019 መድኃኒቱ ሴቶችን ጨምሮ ለሁሉ ተመራጭ እንዲሆን አዘዘ።

ጥንቃቄው ክፉ ነበር አንልም፤ ለሕፃን የሚራራ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋልና። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው ተጠይቀው ነበርን? ልጅ መውለድ የማትሻዋ፥ ወይም ወልዳ የጨረሰችው፥ ወይም ጕዳቱንና ጥቅሙን መዝና የተሻለውን መድኃኒት የምትመርጠው ሴት ለምን በማኅፀኗ ብቻ ተቈጠረች? ደግሞስ ነፍሰ ጡሮች ከመድኃኒት ፈተና አስቀድመው ባይገለሉ ኖሮ ይህ ነገር መድኃኒቱ በአገር ሁሉ ከመበተኑ በፊት በታወቀ ነበር። በፈተናው ጊዜ ከሴት የተቈጠበው ጭንቀት በኋላ ተባዝቶ ወደ እርሷ ተመለሰ።

ይኸው መድኃኒት ሌላም ጠባይ አለው። በጆሃንስበርግ የተደረገ ፈተና እንዳሳየው፥ ዶሉቴግራቪርን የሚወስዱ ሰዎች ክብደት ይጨምራሉ፥ ጭማሪውም ከወንዶቹ ይልቅ በሴቶቹ ይበዛል። በአገራችን መወፈር የጤና ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፥ ይልቁንም ከስታ ሞታለች ተብላ የተለቀሰላት ሴት ስትወፍር ዘመድ ደስ ስለሚለው፥ ይህን እንደ ሕመም የሚቈጥረው የለም። ሆኖም ክብደቱ ከልክ ሲያልፍ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ እንደሚከተል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። አብሮት የሚሰጠው ቴኖፎቪር ደግሞ የአጥንትን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት አጥንቷ አስቀድሞ የሳሳ ስለ ሆነ ሁለቱ በአንድነት ይጫኗታል። የማኅፀን በር ካንሰርም ቫይረሱ ባለባት ሴት ላይ ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ይበዛል፤ ስለዚህ ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ ልትመረመር እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። መድኃኒቱን ለመቀበል ለሃያ ዓመት ተመላልሳ ይህን ምርመራ አንድ ጊዜ እንኳ ያላገኘች ሴት ብትኖር፥ ኪኒኑን ያደላት ክፍል ሥራዬን ሠርቻለሁ ሊል ይችላልን?

አሁን ወደ ካህናቶቻችን እንምጣ። ቀድሞ በጠበልና በመድኃኒት መካከል ክርክር ነበር፤ ከጠበል ቦታ የሰነበቱ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ጥለው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት ሳይጣሉ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለሕዝብ በመግለጻቸው ብዙ ሰው ከጭንቀት ዐርፏል። የጾሙም ነገር እንደዚሁ መንገድ አለው፤ ዛሬ የሚሰጠው መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፥ ከምግብ ጋራም ሆነ ያለ ምግብ የሚወሰድ ስለ ሆነ፥ ሰዓቱን ከሐኪም ጋራ ተማክሮ ወደ ማታ ማድረግ ይቻላል። በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊም ወገኖቻችንም ይኸው ይሠራል። የንስሓ አባት ይህን አንድ ነገር ለልጆቹ ቢነግር በሁለት ወር ጾም የሚቋረጠው መድኃኒት ባልተቋረጠ ነበር።

ነገር ግን ከካህናቱ የምንሻው ከዚህ ይበልጣል። ከላይ እንዳልነው ወንዱ ከሐኪሙ ቤት አይታይም። ከሰንበቴው ግን ይታያል፤ ከማኅበሩ፥ ከቀብሩ፥ ከዕድሩ ስብሰባ አይቀርም። ነርሷ የማታየውን ሰው የንስሓ አባቱ ያየዋል፤ ቤቱ ገብቶ ጠበል ይረጫል፥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃል። «ሚስትህ ተመርምራለች፥ አንተስ?» ብሎ ለመጠየቅ ከእርሱ የሚቀርብ ሰው የለም። ደግሞም ለወንዱ የሚነግረው ደስ የሚያሰኝ ወሬ አለ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የተዳከመለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ በብዙ ሺሕ ባልና ሚስት ላይ የተፈተነና የተረጋገጠ ነገር ነው። ትዳሬ ይፈርሳል ብሎ የሚሸሸግ ወንድ ትዳሩን የሚያቆይለት ይኸው መድኃኒት መሆኑን ቢሰማ በገዛ እግሩ በመጣ ነበር። ሚስጥሯን ለያዘችውም ሴት ካህኑ በተገኘበት ለባሏ መናገር ብቻዋን ከመናገር ይቀልላታል፤ እርሷ ሳትፈቅድ ግን ካህኑ ቃሉን ከአፉ ሊያወጣ አይገባውም።

ለሹሞቻችን የምናቀርበው ነገር ደግሞ የገንዘብና የመዝገብ ነገር ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገሮች የሚሰጠውን ርዳታ ለምርመራ ባቆመ ጊዜ የኤች አይ ቪ ሥራ በብዙ አገሮች ታውኳል። ገንዘብ ሲጐድል ኪኒኑ በመጨረሻ ይቀራል፤ አስቀድሞ የሚቀረው ከቀጠሮ የጠፋውን ሰው ቤት ድረስ ሄዶ የሚፈልገው ሠራተኛ፥ አራሷን እናት የምትመክረው ሴት፥ የማኅፀን በር ምርመራው ነው። በዚህ ጽሑፍ ወንዱንም ሴቲቱንም ያቆያሉ ያልናቸው ነገሮች ግን እነዚሁ ናቸው። በጀት የሚቈርጥ ሹም ብዕሩን ሲያነሣ ይህን ያስብ ዘንድ እንለምነዋለን።

በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2017 ጀምሮ ጤንነታቸው ለጸና ሕሙማን የስድስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ መስጠት በአገራችን መጀመሩ መልካም ነው፤ ለመኪና ነጂውና ለቀን ሠራተኛው ታላቅ ዕረፍት ሆኖለታል። ለምትሸሽገዋ ሴት ግን የስድስት ወር ብልቃጥ ወዴት ይደበቃል? ለእርሷ የሁለት ወሩ ይሻላት ይሆናል፤ ስለዚህ መድኃኒት አዳዩ ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ ከመስፈሩ በፊት ይጠይቃት። ጤና ጣቢያዎቻችንም በሳምንት አንድ ማታ ወይም ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለሠራተኞች ቢከፈቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ያው ክፍል፥ ያው መዝገብ፥ ተራ የሚገባለት አንድ ነርስ ነው። ከየወረዳው ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርት ደግሞ «በመድኃኒት ላይ ያሉ» በሚል በአንድ ድምር አይብቃ። ስንት ወንድ ገና ሳይታመም መጣ፥ ስንቱ በአልጋ ተይዞ መጣ፤ ከወለዱት እናቶች በዓመቱ ስንቶቹ በመዝገብ ተገኙ፥ ስንቶቹስ የማኅፀን በር ምርመራ አገኙ የሚለው በየዐምዱ ተለይቶ ይጻፍ፤ ወረዳውም ቍጥሩን ልኮ ዝም ከማለት ይልቅ ከመዝገብ የጠፋውን ሰው ስለ ምን እንደ ጠፋ በሚቀጥለው ሪፖርት ይመልስ።